ሰፊዋ ቤቷን ያሰፋችበት ቀን

ባለቤቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ሰፊዋ» በሚል ስም ነበር። ከመንገዱ ዳር ባለች አንዲት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን ተክላ መጋረጃ ትሰፋለች። ክር የምትበጥሰው በጥርሷ ስለሆነ፣ ሰው ሲያናግራት መልሷ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግየት ይላል። ካረፈች ወዲህ ብዙ ሰው ስለ ስፌቷ ያነሳልኛል። እኔ ግን የምነግራችሁ አማቴ የመጡ ጊዜ የሆነውን ነው።

በከተማው የእኛን ቋንቋ የምንናገር ቤተሰቦች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ልጃችን አፏን የፈታችው በዚሁ ቋንቋ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከእናቷ ጋር ስትንጫጫ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «የወፍ ቋንቋ ነው እንዴ የምታወሩት?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ባለቤቴም አብራ ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ይሄ ቋንቋ የቤት ነው፤ እንደ ነጠላ ጫማሽ። ውጪ የሰዉን ነው የምናወራው። እሺ እናቴ?» አለቻት።

ልጅቷ «እሺ» አለች። የልጅ እሺታ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ዓመት ሳይሞላ አማቴ ሊጠይቁን ተነሱ። ከእኛ ቋንቋ ሌላ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ልጅቷንም ያዩዋት በፎቶ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ለመኝታ ክፍላቸው መጋረጃ ሰፋች፣ ተረተረችው፣ ደግማ ሰፋችው። «እናቴ ልጄ በቋንቋችን ስታወራ ትስማልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!» ትለኛለች።

አማቴ ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሳሉ ጀመሩ። «የታለች? የታለች የእኔ ጨረቃ?»

ልጅቷ ሮጣ ተጠመጠመችባቸው። አገላብጠው ሳሟት። «እስቲ እማማ በዪኝ!»

ልጅቷ አፏን በእጇ ከደነች።

«ስምሽስ ማነው?»

ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ጉንጮቿ ተነፍተው ሊፈነዱ ደርሰዋል።

አማቴ ቀና ብለው ባለቤቴን አዩዋት። «አላስተማርሻትም?» አሉ ቀስ ብለው። «ወይስ አፈረችብኝ?»

«ኧረ እማዬ! ቤት እኮ ዝም በይ ብትባል እንኳ አትሰማም!» የባለቤቴ ፊት ልውጥ አለ።

ልጅቷ ሁለቱንም በእጃቸው ይዛ መጎተት ጀመረች። በከተማው ቋንቋ «ቤት እንሂድ! ቶሎ! ቶሎ!» ትላለች። እኔ ሽንቷ መጥቶ ነው ብዬ ሻንጣውን ተሸክሜ ከኋላ እሮጣለሁ።

በሩ ተከፈተ። ጫማዋን ወዲያ ወርውራ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ዞረች። ከዚያማ ማን ያቁማት!

«እማማ! እማማ! መንገድ ላይ ስለማይቻል ነው! አሁን ይቻላል! እዪ፣ ጥርሴ ይነቃነቃል! እዪ፣ ይሄ መጋረጃ የአንቺ ነው! ለምን ቶሎ አልመጣሽም?»

አማቴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ በሳቅ እንባቸው ወረደ። «ውይ ልጄን! ቋንቋዋንም እንደ ጫማ በር ላይ ነው የምትቀይረው?»

ባለቤቴም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞረች። «አጣምሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የምተረትረውም እኔው» አለችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያትና ልጅ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ገዝተው ሲወጡ፣ ባለቤቴ የሥራ ክፍሏን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ወጣች። ክሩን ከአፏ አውጥታ፣ በእኛ ቋንቋ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ተጣራች። «እናንተ! ለእኔስ ትኩስ ገዛችሁልኝ?»

ልጅቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ በከተማው ቋንቋ፣ «እማዬ! ውጪ ነሽ እኮ!»

«አይደለሁም!» አለች ባለቤቴ በእኛው ቋንቋ። «ቤታችን ሰፍቷል!»

«እስከ ዳቦ ቤቱ?»

«ከዚያም ወዲያ! እግርሽ እስከሚወስድሽ!»

ዳቦ ሻጩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ሰፊዋ፣ ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ቤቴን እያሰፋሁ ነው!»

«አንቺ ደግሞ ያልሰፋሽው ምን አለ!»

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች። ዝቅ ብላ እግሯን አየች፤ ያደረገችው የውጪ ጫማዋን ነው። አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ዳቦውን ወደ ላይ አንስታ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ በእኛ ቋንቋ ለቀቀችው።

«ትልቁ የእኔ ነው! እማማ ናት የገዛችልኝ! አንቺ ትንሹን ብዪ!»

አማቴ መንገዱ ዳር ቆመው አጨበጨቡ።