ያልታወቀው አምሮት

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ፣ ያለ ምክንያት እንባ እንባ ይለኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ምንም አልጎደለበትም፤ ባሌ ደግ ነው፤ ሐኪሙም ጽንሱ ደህና ነው ብሎኛል። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? ለሚወለደው ልጅ የተገዛውን ልብስ ሳጣጥፍ ልቤ ድው ድው ይላል። ደስታ ነው እንዳልል ደስታ አይመስልም።

አማቴ ግን ወዲያው አወቁት። «አምሮት ነው» አሉ። «ምን አማረሽ ልጄ? እርጉዝ ያማራትን ካጣች እኮ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል።»

«ምንም አላማረኝም» ብል ማን ይስማኝ! ባሌ ሮብ ገበያ ከተማ ድረስ ሄዶ ማር አመጣ። ጎረቤት የሽንብራ እሸት ይዛ መጣች፤ ሌላዋ ጥሬ ሥጋ ይዛ ተከተለች። ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል። እኔ እቀምስና አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን አማቴ ደግሞ ማሩን በሳህን ይዘው ሲመጡ ትዕግሥቴ አለቀ። «እማማ፣ የሚበላ ነገር አይደለም! እፈራለሁ፤ የምፈራውን ግን እኔም አላውቀውም!» ብዬ ጮህሁባቸው።

በአማት ላይ መጮህ ነውር ነው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ማፍተልተል ጀመሩ።

«ባልሽን አርግዤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ» አሉኝ። «ምን አማረሽ የሚሉኝ ሰዎች እንዲተዉኝ ብዬ ቅቤ አማረኝ አልኋቸው። የፈራሁት ምን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬም አላወቅሁት።»