የያኤኮ ስለትና የኩኒዮ እሺታ

ያኤኮ ከመጸዳጃ ቤት ወጥታ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ወደ ሱቁ ደጃፍ ስትመለስ ብስክሌቷ የለችም። የኩኒዮ አለች፤ ከጀርባዋ የተተከለችውን ብርቱካናማ ባንዲራ ነፋስ ያርገበግባታል። የእሷ የቆመችበት ግን ባዶ አስፋልት ነው። ባሏ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድሎ ሻይ ይጠጣል።

«ብስክሌቴስ?»

«ቀድማሽ ሄደች» አለ ኩኒዮ ፈገግ ብሎ። «ጌንጎ የሚባሉ ደግ ሽማግሌ በጭነት መኪናቸው ዳገቱ ጫፍ ሊያደርሱልን ነው። መኪናዋ ትንሽ ስለሆነች በዙር ነው የሚወስዱን። አሁን ተመልሰው አንቺን ይወስዳሉ፤ በመጨረሻ እኔን ከነብስክሌቴ።»

«ማን ውሰዱ አላቸው?»

«ስጦታ ነው አሉኝ። ተሳላሚ የተሰጠውን አይመልስም። ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«አይሆንም በላቸዋ!»

ኩኒዮ ነውር ቃል የሰማ ይመስል ግራ ቀኙን ገላመጠ። የያኤኮ ቆሽት አረረ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ከኩኒዮ ጋር አንድ ሳምንት ቢኖር ኖሮ ተረቱን መልሶ ይውጠው ነበር። ኩኒዮ ዕድሜ ልኩን ለማንም እንቢ ብሎ አያውቅም። ወንድሙ ሦስት ውሾች ለሰንበቱ ብቻ ብሎ ሲያመጣ እሺ አለ፤ ውሾቹ እዚያው ቤት አርጅተው ሞቱ። በዝናብ በበረዶ እየጎተተ ያንሸራሸራቸው ማን ነው? ያኤኮ! የሰፈሩን ቦይ ጽዳት እንዲመራ ሲጠየቅ እሺ አለ፤ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ጭቃ የዛቀችው ማን ነው? እሷው ናት፤ ያውም ከፎጣ ፋብሪካው ከሥራ ተመልሳ። ሰው ሁሉ ግን «ኩኒዮ እንዴት ያለ መልካም ሰው ነው!» ይላል። በሚስት ጉልበት መልካም መሆን ምን ይገዳል?

ያለፈው ዓመት ክረምት ኩኒዮ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ወደቀ። ዳነ፤ ሚዛኑ ግን አልተመለሰም፤ ቆሞ ሲሄድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ሁለት ጎማ ብስክሌትማ የማይታሰብ ሆነ። እነዚህን ባለ ሦስት ጎማዎች የገዙት ያኔ ነው። ጋደም ብሎ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ መሬቱን ሊነኩ ጥቂት ሲቀር የሚነዱት ዓይነት ነው። ነጩን የተሳላሚ ሸሚዝ ለብሰው የሺኮኩ ደሴትን ሰማንያ ስምንት መቅደሶች ሊዞሩ ከወጡ ጀምሮ በየመንደሩ ሰው ይከባቸዋል። «አይ ጀግና!» ይሉታል ኩኒዮን። ወደ እሷ ዞረው ደግሞ «እርስዎስ ምንዎን ነው ያመመዎት?» ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዲት መንደሪን ሻጭ እንዲሁ ብላት «ይሄ ሰውዬ ነው ያመመኝ» ብላ መልሳላታለች።

ኩኒዮ የማያውቀው ነገር ግን አለ። ሳይነቃ በተኛባቸው ቀናት ያኤኮ በሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጣ ተስላ ነበር። ከዚያ በፊት ጸሎት የሚባል ነገር አዘውትራ አታውቅም። ከእያንዳንዱ ተሳላሚ ጎን ይሄዳል የሚባለውን ታላቁን መምህር «ይህን ሰው ብታነሣልኝ ደሴትህን በገዛ እግሬ እዞራለሁ። ሞተር አንዲት ስንዝር አይሸከመኝም» አለችው። ለባሏ ግን ለጤና የሚሆን ስፖርት ነው ብላው አረፈች። «ላንተ ስል» የሚባል ነገር በቤታቸው ተነግሮ አያውቅም። ደግሞስ ብትነግረው በየመንገዱ ይቅርታ ሲጠይቃት ሊውል አይደል?

የዛሬው ዳገት ከመንገዱ ሁሉ የከፋው ነበር። ለዳገቱ ብላ ሻንጣዋን አቅልላ፣ ጉልበቷን በቅባት አሽታ፣ ስትፈራውም ስትናፍቀውም ሰንብታለች። አሁን ባሏ ዳገቱን ለመኪና አሳልፎ ሰጠባት።

ባርኔጣዋን ደፋችና «በእግሬ እሄዳለሁ» አለች።

«ሽማግሌው ይቀየሙናል እኮ!»

«ይቀየሙ!»

መንገዱ ጥቅጥቅ ባለው የጥድ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እሷ መሬቱን በንዴት እየረገጠች በእግሯ ትሄዳለች፤ ኩኒዮ ከታች ከጎኗ ጋደም ብሎ፣ በቀላሉ ማርሽ ቀስ እያለ፣ እያለከለከ ይከተላታል። የመጣው ቢመጣ መኪናው እስኪመለስ ብቻዋን ሊተዋት አልደፈረም።

«ያኤኮ፣ እባክሽ ለጉልበትሽ እዘኚለት።»

«የወንድምህን ውሾች ስጎትት ለጉልበቴ ማን አዘነለት?»

«ኧረ የውሾቹን ነገር ተይኝ! ለስፖርት ብለን የወጣነው ጉዞ ነው፤ አንድ ዳገት ቢቀር ምን ይጎድላል?»

ያኤኮ ቀጥ ብላ ቆመች። የሆዷን በሆዷ ይዛ የከረመችው ሁሉ ገነፈለ።

«ስፖርት! አንተ ሰው፣ ስፖርት ይመስልሃል? ስለት ነው! አፍህ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ተኝተህ ነው የተሳልኩት። ሞተር አይሸከመኝም ብዬ ነው የማልኩት። የተለመነችው ያንተ ነፍስ ነበረች። አንተ ደግሞ በአንድ ኩባያ ሻይ ሸጥካት!»

ኩኒዮ ፔዳሉን መርገጥ ተወ። ብስክሌቷ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ፍሬኑን ያዘ። ያኤኮ «ይቅርታ» እስኪል ጠበቀች፤ ይቅርታ ካለ አብራው ላትሄድ ወስናለች። እሱ ግን ቀና ብሎ ያያት ጀመር።

ከላይ የመኪና ድምፅ መጣ። ትንሿ ነጭ መኪና ባዶዋን ወርዳ ከፊታቸው ቆመች፤ ሽማግሌው ጌንጎ አንገታቸውን አወጡ።

«ምነው ልጆቼ፣ ጠብቁኝ አላልኩም? ብስክሌቷ ከላይ ከመቅደሱ በር በደህና ቆማለች። በሉ ይግቡ እመቤት!» ብለው ተጠምዝዘው በእሷ በኩል ያለውን በር ከፈቱላት።

ያኤኮ የተከፈተውን በር አየችው። በዚህ ደሴት ሽማግሌ ሕፃኑ የሚያውቀው ነው፤ ለተሳላሚ የተሰጠ ለመምህሩ የተሰጠ ነው። እንቢ ብትል መምህሩን መግፋቷ ነው፤ እሺ ብትል ደግሞ ለዚያው መምህር የማለችውን መካዷ ነው። ማንም ሳያማክራት እዚህ ወጥመድ ውስጥ የከተቷት ሁለት ደጋግ ወንዶች ናቸው። ከንዴቷ ብዛት እንባዋ መጣ።

ያን ጊዜ ኩኒዮ ከብስክሌቱ ለመነሣት ይታገል ጀመር። ከዚያ ዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት ለእሱ ትልቅ ሥራ ነው። ጎማውን ተደገፈ፣ ተንበረከከ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ። እየተንገዳገደ መጥቶ በያኤኮና በመኪናው መሀል ቆመና በሩን ዘጋው።

«አይሆንም አባቴ» አለና እጅ ነሣ።

«ስጦታ እኮ ነው! ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

«ስጦታዎን እንቀበላለን። ግን እኔ በመረጥኩት ይሁንልን። ብስክሌቷን ከጫኑባት ቦታ፣ ሱቁ ደጃፍ መልሰው ያስቀምጡልን፤ ዳገቱን እሷ በራሷ ጉልበት ትውጣው።»

«ወደ ታች?» አሉ ሽማግሌው በቁጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተሳላሚ ስረዳ ኖሬ ወደ ኋላ መልሱኝ ያለኝ የለም! ደግነቴ ምኑ ነው የከፋችሁ? ምን በድያችሁ ነው?»

«እርስዎ አልበደሉም። የበደልኩት እኔ ነኝ» አለ ኩኒዮ። ጉልበቱ ይብረከረካል፤ አንድ እጁ የመኪናውን በር እንደ ያዘ ነው። «እኔ ዛሬ የቆምኩት በእሷ እግር ነው።»

ጌንጎ የሚንቀጠቀጡትን እግሮቹን አዩ፤ ቀጥለው ያኤኮን አዩ። ለራሳቸው እያጉረመረሙ መኪናዋን በጠባቡ መንገድ ወዲያና ወዲህ አዙረው ብስክሌቷን ሊያመጡ ተመልሰው ወደ ላይ ወጡ።

ያኤኮ እስካሁን በላብ የወጣችውን መንገድ ወደ ታች አየችው። ያን ሁሉ ወርዳ እንደገና ልትጀምረው ነው።

«ይህችን ‘አይሆንም’ እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነበር?» አለችው። «ውሾቹ ሲመጡ የት ነበረች?»

«እንጃ» አለ ኩኒዮ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ያኤኮ፣ ልወድቅ ነው።»

ንዴቷ ገና አልበረደላትም። ቢሆንም ክንዷን በብብቱ ሥር አግብታ ደግፋ ያዘችው።