ሩቡ ብቻ የተሞላ ገጽ

የጤና ጣቢያውን የመረጃ ቋት የምትጠብቀውን ሴት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ደረቋ» ይላታል። እውነትም ደረቅ ናት፤ ያመነችበትን ነገር ዓለም ቢገለበጥ አትለቅም።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ስትገባ እትዬን መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ያወጡ ሴት ናቸው፤ ደረቋን ሥራ ያስለመዷትም እሳቸው ናቸው። ኃላፊው «እጅዎ ስለዘገየ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ መጋዘን ተዛውረዋል» የሚል ደብዳቤ ሰጥቷቸዋል። ደረቋ ደሟ ፈላ። የእትዬ እጅ ምን አጠፋ? ስም ጽፈው ሲጨርሱ ደቂቃ ሙሉ አፍጥጦ የሚያያቸው ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ!

ምክንያቱንም ታውቃለች። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ማሽኑ የታካሚዎችን ስም የሚፈልግበትን ማውጫ ቅንብር ነካክቶ፣ እያንዳንዱ ገጽ ሩቡ ብቻ ተሞልቶ የቀረው ለመጪው ስም ባዶ እንዲተው አዞታል። ማውጫው አብጦ አብጦ ማሽኑ መሸከም አቃተው። ኃላፊው ዘንድ ሄዳ ቅንብሩ ወደ መነሻው ይመለስ ብትል፣ ያ ሰው ሊቅ ነበር፣ አርፈሽ ተቀመጪ አላት። እሷ ግን የት አባቱ ብላ ያንኑ ቀን መለሰችው።

ምንም ለውጥ የለም። ኃላፊው ሰምቶ መጣና በሰው ፊት ሳቀባት። አንገቷን አልደፋችም። በንዴት ቸኩላ ረስታው ነው እንጂ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቅንብሩ የሚያዘው ከእንግዲህ የሚሠራውን ነው፣ የቆዩት ገጾች እንዳሉ ይቀራሉ። ማውጫው እንደ አዲስ መሠራት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ምዝገባ መቆም አለበት።

«ረቡዕ በምሳ ሰዓት ምዝገባ አቆማለሁ» አለችው። «ካልሠራ ከእትዬ ጋር መጋዘን እገባለሁ።»

ረቡዕ ምሳዋን ሳትቀምስ ማውጫውን ከሥሩ እንደ አዲስ ሠራችው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ተከፈተ። እትዬ የመጀመሪያውን ስም ጻፉ፤ እጃቸውን ሳያነሡ ካርዱ ከች አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም።

ኃላፊው ሰልፉን አልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ እትዬ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ተራህን ያዝ፣ ልጄ» አሉት።

ደረቋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ ከኋላ ተሰለፈ፤ ለመናደድ እንኳ ጊዜ አላገኘም፣ ተራው ወዲያው ደረሰ። እትዬ የዝውውሩን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው በመስኮቱ ሰጡት።

«ቀጣይ» አሉ።