የዶዘር ኦፕሬተሩ ምርቃት

ቅዳሜ ዕለት በሠርጌ ድንኳን ውስጥ፣ ቬሎዬን እንደለበስኩ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁ። ካሜራማኑ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «ሙሽሪት አሟት ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

አላመመኝም። አባቴን እያዘዝኩ ነበር...

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው መንገድ ሥራ ላይ ዶዘር ሲነዳ ነው። ያኔ «ጆሮህን ሸፍን» የሚለው ሰው አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ጆሮውን እዚያው ማሽኑ ጋ ትቶት መጣ ማለት ይቻላል። የማዳመጫ መሣሪያ አስገጠምንለት፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ይረዳዋል። ሰው በበዛበት ቦታ ግን ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ስለሚያስጮህበት አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ የመጡ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ... ነገሩ በእሺታ ካለቀ በኋላ አባቴ ሊመርቅ ተነሳ። ምርቃት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መራቂው አንድ ነገር ይላል፣ ሰዉ «አሜን» እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እሱ አሜኑን አይሰማም! እኛ «አሜን» ስንል እሱ ሌላ ምርቃት ጀምሯል፤ እኛ ዝም ስንል እሱም ዝም ብሎ ይጠብቀናል። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣ አንድ ሰውዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የአባቴ ጆሮ ነው እንጂ ዓይኑ ምንም አልሆነም... አየው።

«ሁለተኛ ሰው ፊት አልመርቅም» አለኝ እንግዶቹ ሲወጡ። «የሠርግሽ ቀን ጋሼ ታደሰ ይመርቅሽ።»

ጋሼ ታደሰ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አባቴ አይደለም። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ እናቴም ተቆጣችው። ወይ ፍንክች! ያለ አባቴ ምርቃት ከቤት ልወጣ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ ሙሽራው መጣ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሰፈራችን በባጃጅ ጥሩንባ ተናወጠ። የወላጆቼን ጉልበት ስሜ ስጨርስ ጋሼ ታደሰ ማይኩን ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴን አየሁት... መሬት መሬት ያያል። ተራራ ሲንድ የኖረ ሰውዬ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። አንጀቴን በላኝ። ንድድም አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» ብዬ ማይኩን ተቀበልኩትና አባቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልችልም አላልኩሽም!» አለ። በማይክ ነው የተናገረው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ትንሽ ራቅ ብዬ ፊት ለፊቱ ቆምኩና ጣቴን አየር ላይ አሽከረከርኩ።

ዶዘር ላይ ያለ ሰው በሞተሩ ጩኸት ምንም አይሰማም። ስለዚህ አንድ ሰው ከፊቱ መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ያዘዋል። ጣት ሲሽከረከር ቀጥል ነው፤ ጡጫ ወደ ላይ ሲነሳ ቁም። ኦፕሬተር ደግሞ ከዚያ ሰው በቀር ማንንም አይሰማም። ይሄን ያስተማረን ራሱ ነው፤ ጆሮው ከከዳው ወዲህ እናቴ ወሬውን የምታስቆመው በጡጫ ነው።

ጓንቴን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ወገቡን ቀና አደረገ።

«ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን!»

ጡጫዬን አነሳሁ። ቆመ። ድንኳኑ «አሜን!» አለ። ጣቴን አሽከረከርኩ።

«ውለዱ፣ ክበዱ!»

ጡጫ። «አሜን!»

አሁን እናቴም ጡጫዋን አንስታለች። ቀጥሎ ሚዜዎቹ ገባቸው። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ሙሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ «አሜን» ባለ ቁጥር እጁን ወደ ላይ ያነሳ ጀመር። ያ የሳቀው ሰውዬማ ሁለቱንም እጆቹን ነው ያነሳው!

አባቴ ያን ሁሉ እጅ ሲያይ እንባው በጉንጩ ወረደ። እኔም ሜካፔን ተሰናበትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ችግሩ... ማቆም እምቢ አለ! ሙሽራውን መረቀ። የሙሽራውን ወላጆች መረቀ። ጎረቤቱን፣ ወጥ ሠሪዎቹን፣ የመኪናውን ሹፌር ሳይቀር መረቀ። ጋሼ ታደሰ ሰዓቱን እያየ «ቸርች እየጠበቁን ነው እኮ ልጄ» አለኝ። ምን ላድርግ... የመጨረሻውን ምልክት ሰጠሁ። እጅን አንገት ላይ አግድም ማሳለፍ ነው፤ «ሞተር አጥፋ» ማለት ነው።

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለት ዓይኑን ጭፍን አድርጎ «ደግሞም...» ብሎ ቀጠለ።

ዕድሜ ልኩን ምልክት ጥሶ የማያውቅ ኦፕሬተር፣ በልጁ ሠርግ ጣሰ።