የእናቴ ዓመት ሳንቲም

ባለባጃጁ መልስ ሲሰጠኝና ሳንቲሞቹ ዝናብ በነካው መዳፌ ውስጥ ሲሞቁ፣ ያ ደም ደም የሚል ሽታ ይመጣና ያደግሁባት እንጅባራ ያስገባኛል። ያኔ እጄ የሚሸተው ነሐስ ነበር፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ካለች ጀርሲ ከምትባል ትንሽ ደሴት የመጡ፣ በአንድ ገጻቸው ዘውድ የጫነ ንጉሥ፣ በሌላው ሦስት አንበሶች የተደረደሩበት ጋሻ ያለባቸው አሮጌ ሳንቲሞች ነበሩኝ።

አባቴ ወደዚያች ደሴት በሚመላለስ የውጭ አገር መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። እናቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተች፣ ያደግሁት ድንች ነጋዴ ከነበረችው ታላቅ እህቷ ዘንድ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቀርቀሃው ላይ ሳይነሳ ቀኑ ይመሽ ነበርና፣ አክስቴ ገበያ ውላ እስክትመለስ ብቻዬን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ አባቴ በየደብዳቤው አንድ አንድ እያደረገ የሚልክልኝን ሳንቲሞች በየዓመታቸው እደረድር ነበር። አክስቴ «የሰው አባት ጫማ ይልካል፣ ያንቺው ብረት ይለቅማል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እልኸኛ ነበርኩና ጫማ ምን ያደርግልኛል እላት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጫማውንም እፈልግ ነበር።

የእናቴ ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን ከአያቴ በተረፈው ዳዊት የኋላ ሽፋን ላይ የተጻፈው የልደቷ ዓመት ብቻ ነው። አንድ መስከረም ላይ ያንን ቁጥር የያዘ ሳንቲም እንዲፈልግልኝ ለአባቴ ጻፍኩ፤ እሷ በተወለደችበት ዓመት የተሠራ፣ እኩያዋ የሆነ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አማረኝ። ጥቅምትም ኅዳርም አለፉ፣ ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ ሠራተኛውን አሰለቸሁት። ለገና ደረሰልኝ፤ ቁጥሩ ራሱ ነበር። በጨርቅ ቋጥሬ አንገቴ ላይ አሰርኩትና፣ ለእናት የሚነገረውን ሁሉ፣ በእረፍት ሰዓት ከማንም ጋር እንደማልጫወት ሳይቀር፣ እነግረው ጀመር።

በዓመቱ፣ ድንቹ በሚለቀምበት ሰሞን፣ መምህራችን የፈረንጆች አቆጣጠር ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚቀድም አስረዱን። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሲገለብጡ እኔ ቀነስኩ፣ ደግሜም ቀነስኩ። ሳንቲሙ ሲሠራ እናቴ ገና አልተወለደችም ነበር። ዓመት ሙሉ ሳወራ የኖርኩት ከማያውቃት ብረት ጋር ነው! አፈርኩ፣ ለአክስቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ጥር ላይ፣ ከተማው ለበዓሉ በመጡ ፈረሰኞች በተሞላበት ሰሞን፣ አባቴ ለዐሥር ቀን መጣ። ዘንገና ሐይቅ ወሰድኩት፤ ባሕር የሚባለው ያንን የሚያህል ይመስለኝ ነበርና ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ዳሩ ላይ ተቀመጥን፣ ጨርቁን ፈትቼ ሳንቲሙን እግሩ ሥር አስቀመጥኩት።

«ይሄ የእሷ ዓመት አይደለም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ዓይኑን ከውሃው ላይ አላነሳም። «በፈረንጅ ቆጠራ እሷ በተወለደችበት ዓመት ደሴቲቱ ሳንቲም አልሠራችም። በየወደቡ ጠየቅሁ። ባዶ ፖስታ ከምልክልሽ ቁጥሩ እንኳ የእሷ ይሁን ብዬ ነው።»

ውሸታም አልኩት። ሁለተኛ እንዳትልክልኝ አልኩት። የቀሩት ቀናት ሳላናግረው አለፉ፣ አውቶብስ ተራ ድረስም አልሸኘሁትም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይመጣ ነበር፣ ሳንቲም ግን ውስጡ አልነበረም። እኔም ላክልኝ አላልኩም። እነዚያ በጋዎች እንዴት ይረዝሙ ነበር!

አሁን ዳንግላ ብቻዬን እኖራለሁ። ያኔ የአንድ ጥያቄ መልስ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ኔትወርክ ካለ የዚያች ደሴት ሳንቲሞች በሙሉ ከነዓመታቸው ስልኬ ላይ ይደረደሩልኛል። ባለፈው ክረምት ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። እናቴ በተወለደችበት ዓመት እውነትም አንድም ሳንቲም አልተሠራም፤ አባቴ አልዋሸኝም። ይህን እንዳልነግረው እሱን ከቀበርነው ሦስት ዓመት አልፎታል። ውሸታም ማለቴን የልጅ ነገር ብሎ እንደተወው አክስቴ ነግራኛለች፤ እኔን ግን አልተወኝም። ያኔ እናቴን ለማግኘት ዓመት እደምርና እቀንስ ነበር፤ ዛሬ በእኛም ቢቆጠር በፈረንጅም፣ ስትሞት ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ እናቴን በዕድሜ እበልጣታለሁ።