የማጽናኛ ልስን

ሰፈሩ «ጋሽ ውሃልክ» ይለዋል። አርባ ዓመት በግንበኝነት የኖረ ሰው ነው፤ በእንግድነት የሰው ቤት ገብቶ እንኳ ግድግዳውን በዓይኑ ሳይለካ ተቀምጦ አያውቅም። «ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ጠማማ ልትል ነው?» ትለው ነበር ሚስቱ።

የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ይሠራ ሲባል ንድፉን ያወጣው እሱ ነው፤ በልጁ የድሮ ደብተር ላይ፣ በእርሳስ። የጭቃ ጡቡ ከዚያው ከግቢው አፈር ይሠራል። አፈሩ የወጣበት ጉድጓድ የጣሪያውን ዝናብ ይቀበላል፤ ውሃው እየሰረገ ወርዶ ከታች የደረቀውን ምንጭ ይመልሳል። አዳራሹ አርጅቶ የፈረሰ ቀን ደግሞ ግድግዳው አፈር ሆኖ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

«ፍርስራሽ የሚባል ነገር አይኖረውም» አለ ለኮሚቴው።

ሰብሳቢው፣ ደግ ጡረተኛ መምህር፣ ሳቀ። «ገና ሳይወለድ ቀብሩን ጨረሱለት እኮ ጋሼ!»

ሚስቱ ጭቃውን ከጭድ ጋር እየረገጠች ስምንት ወር አብራው ሠራች። ጉድጓዱ ዳር አትክልት የምትተክልበትን ቦታ እንኳ በድንጋይ ከልላ ነበር። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ የቀረው ግድግዳውን በኖራ መለሰን ብቻ ነበር። ልስኑን ሳታይ ሞተች።

በተቀበረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰብሳቢው እጁን ይዞ ወደ አዳራሹ ወሰደው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስኗል።

«እርስዎ ሐዘን ላይ ነዎት፣ ይረፉ ብለን ነው» አለ ሰብሳቢው። «እኛው ነን የለሰንነው። ለእሷም መታሰቢያ ይሁን።»

ጋሽ ውሃልክ መዳፉን ልስኑ ላይ አሳረፈ። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን አፉን ይደፍነዋል፤ በስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል። አብሮት ለሠራ ሁሉ ይህን ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ልስኑ ገና አልጠነከረም፤ አሁኑኑ ላጡት ቢል ይላጣል። ግን ሁሉም ፊቱን ያያሉ። የአንዷ ጎረቤት ጣቶች በሲሚንቶ ተበልተው በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጁ «አባዬ፣ ለምን አልነገርካቸውም?» ብትለው፣ «በምን አፌ?» ብሎ መለሰላት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ምንጩ እንዳለው ተመለሰ፤ ሰው በጀሪካን መቅዳት ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት የአዳራሹ የጓሮ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ፣ ማንም በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ተዘረገፈ። ስብሰባ ተጠራ።

«ምን ቢሆን ጭቃ ነዋ!» አለች ያቺ ጣቷ ቆስሎ የነበረው ጎረቤት። «ሲሚንቶው ባይኖርማ ገና ድሮ ነበር የሚጨርሰን።»

«እርስዎን አንወቅስም ጋሼ» አለ ሰብሳቢው።

ያኔ ጋሽ ውሃልክ ተናገረ። «ሲሚንቶው ነው የጣለው። የለሰናችሁ ቀን አውቄው ነበር።»



«አውቀው?» አለ ሰብሳቢው ቀስ ብሎ። «ልጆቻችን እዚያ ሲገቡ ሲወጡ እያዩ? ታዲያ ያን ቀን ምን አሉን?»

«እግዜር ይስጥልኝ አልኳችሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያናገረው የለም። የቀረው ግድግዳ ፈርሶ አዲሱ አዳራሽ በብሎኬት እንዲሠራ፣ ጉድጓዱም በፍርስራሹ እንዲሞላ ተወሰነ።

ጋሽ ውሃልክ በማግስቱ ባልዲና ወንፊት ይዞ ሄደና ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠ። የሲሚንቶውን ስባሪ ከአፈሩ ይለቅም ጀመር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ዓመት ይፈጃል» አለችው ልጁ።

«እናትሽ ያቦካችው ነው።»

በአራተኛው ቀን ፍርስራሹን ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው መኪና መጣ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባት፣ ዞር ይበሉልኝ፣ ልገፋው ነው!» አለ።

ተነሣ። ስባሪ ሲለቅም ሰንብቶ፣ የነፋው አፈር ገና ባልዲውን አልሞላም። ሚስቱ በድንጋይ የከለለችው ቦታ ላይ ሊደፋው ሄደ፤ ጎማው ቀድሞት አልፎበታል። ባልዲውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።