ሲሞቅ ይተወዋል

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የወለቀ ጣት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ጅጅጋ ውስጥ የጭነት መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። የወጌሻ ሥራ ከአጎቴ ስለተማርኩ፣ ጫኞቹ ትከሻ ወይም ክንድ ሲወልቅባቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቱታ የለበሰ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ «ወጌሻው የትኛው ነው?» አለ። የአንድ መሥሪያ ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ታደሰ ይባላል።

ተከትዬው ሄድኩ። ሲሚንቶው ሜዳ ላይ አንድ ረጅም ተጫዋች የመሃል ጣቱን ይዞ ተቀምጧል። ጣቱ ወደ ጎን ዞሯል። «ስምህ ማነው?» አልኩት። ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ሳብኩት፤ ገባ። በሶማሊኛ እናቴን ሰደበ። እኔም በሶማሊኛ የእሱን አጎት ሰደብኩለት። ሶማሊኛ የማውቅ አልመሰለውም ነበር። ጓደኞቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ታደሰ «ነገም ና» አለኝ። በዚያው ቀረሁ።

በወረቀት ላይ ግን ወጌሻ አልነበርኩም። መሥሪያ ቤቱ ወጌሻ የሚባል የሥራ መደብ ስለሌለው በአትክልተኛ መደብ ቀጠሩኝ። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ የለም። እስከ ጡረታዬ ድረስ አትክልተኛ ነበርኩ። ከእኔ በላይ አሰልጣኙ፣ ከእሱ በላይ ቡድን መሪው፣ ከቡድን መሪው በላይ ደግሞ ኳሱ በየት በኩል እንደሚገባ የማያውቅ የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገሩን አስበው የማይጨርሱ ሰዎች ነበሩ።

የሥራ ዕቃዬ አንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጡ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ቫዝሊን፣ የሰሊጥ ዘይት። በረዶ የምወስደው ከጭማቂ ቤት ነው፤ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠው፣ እኛ አገር በረፍ የሚባለው። ያበጠ ነገር በበረፍ ይቀዘቅዛል፣ የደረቀ ነገር በዘይት ታሽቶ ይሞቃል። የማውቀው ይህን ነበር። ማንበብና መጻፍ አላውቅም። ደሞዝ የምወስደው በአውራ ጣቴ አሻራ ነው።

ስለ ውድድሩ ላስረዳ። የክልሉ ውድድር በወረቀት ከረመዳን በፊት ያለው ሦስት ወር ነው። ቡድኖቹ በሳምንት አንዴ ይጫወታሉ፣ ይጓዛሉ፣ ያርፋሉ። ይህ ግን በወረቀት ነው። በየዓመቱ ደብዳቤው ይዘገያል፣ ምዝገባው ይራዘማል፣ ሜዳው ለስብሰባ ይያዛል። መጀመሪያው እንዲህ ሲንፏቀቅ መጨረሻው ከረመዳን ጋር ይጋጠማል። ረመዳንን ደግሞ ማንም ኮሚቴ ሊገፋው አይችልም። ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ጿሚዎች ናቸው፤ ውድድሩ ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት። ስለዚህ የሚታጠፈው ዕረፍቱ ነው። ከጨዋታው አንድም አይቀነስም፤ በጨዋታና በጨዋታ መካከል ያለው ቀን ብቻ ይጠፋል።

የምነግራችሁ ዓመት ስምንት ጨዋታ በአሥር ቀን ደረሰን። ደገሀቡር ተጫውተን በማግስቱ ጅጅጋ፣ ከዚያ አውበሬ፣ ከዚያ ተመልሶ ጅጅጋ። የምንጓዘው በሚኒባስ ነው። ሚኒባስ ለእኔ ዓይነቱ አጭር ሰው የተሠራ ነው። ሁለት ሜትር የሚጠጉ ሰዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው ሰዓታት ይቀመጣሉ፣ ወርደው ይጫወታሉ፣ ተመልሰው ይታጠፋሉ።

ከሁሉም ረጅሙ ማሃድ ነበር። ገሪ ይሉታል፤ በሶማሊኛ ቀጭኔ ማለት ነው። ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው፣ ሪባውንድ፣ ማለትም ሳይገባ የነጠረውን ኳስ፣ የሚለቅመው እሱ ነው። ያን ዓመት ፍጻሜውን ለማየት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክለብ ሰው ይልካል የሚል ወሬ ነበር። ሰውየው የሚመጣው ማንን ሊያይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አምስተኛው ጨዋታ ላይ ማሃድ ሳጥኔ ላይ ተቀመጠ።

«አዴር» አለኝ። ሶማሌዎቹ ታላቅን ሰው እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ አጎት ማለት ነው። «ተረከዜን ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ከደገሀቡር ከተመለስን።»

«ስትሮጥስ?»

«ሲሞቅ ይተወኛል።»

በዚያ ሁሉ ዘመን ከተጫዋች አፍ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ቃል ይህ ነው። አሰልጣኙም ይለዋል፣ ቡድን መሪውም ይለዋል፣ እኔም እለዋለሁ። ሲሞቅ የሚተው ሕመም እንደ ሕመም አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ አሞቅኩት። በየቀኑ ከጨዋታ በፊት የተረከዙን ጅማት በሰሊጥ ዘይት ቀስ አድርጌ አሻለሁ፣ ይለሰልሳል፣ ተነስቶ ይዘላል። ማሃድም «እጅህን አላህ ይባርክ» ይለኛል። እኔም ያዳንኩት መስሎኝ ሳጥኔን እዘጋለሁ።

አሁን ሳስበው ጅማቱ ጠዋት ጠዋት እውነቱን ይናገር ነበር። ከሰዓት ላይ ዝም የሚያሰኘው እኔ ነበርኩ።

ግማሽ ፍጻሜውን ካሸነፍን በኋላ ታደሰ ወደ ውድድር ኮሚቴው ሄዶ አንድ ቀን ለመነ። አንድ ቀን ብቻ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ ሳያይ «ሜዳው ከነገ ወዲያ ለበዓል ድንኳን ይተከልበታል፤ ፍጻሜው ነገ ነው» አለ። «ተቃራኒ ቡድንም እኮ እንደናንተው ደክሟል፤ እኩል ናችሁ።» ታደሰ አመስግኖ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ሁለት ሰው እኩል ስለታመመ ጤነኛ አይሆንም ለማለት ዓመታት ፈጀብኝ።

የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ተጫዋቾቹ ለውድድሩ አብረን ካደርንበት ፎቅ ሲወርዱ ታች ቆሜ አየኋቸው። ማሃድ የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ በጎኑ ነበር የሚወርደው፤ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ። ጓደኛው ከኋላው «ገሪ፣ ዛሬ አረጀህ እንዴ? ምርኩዝ እናምጣልህ?» እያለ ይቀልድበታል። ማሃድ ሳቀ። ሲያየኝ ግን ሳቁን ተወው። እንዳልናገርበት በዓይኑ ለመነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አሸሁት። ታደሰ መጥቶ በላያችን ቆመ።

«ወጌሻ፣ ይችላል ወይስ አይችልም?»

ማሃድን አየሁት። ማሃድ ሜዳውን ያያል፤ የአዲስ አበባው እንግዳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ወንበር ተቀምጧል።

«ሲሞቅ ይተወዋል» አልኩ።

ይችላል አላልኩም። አይችልም አላልኩም። ታደሰ እንደ ይችላል ወሰደው፤ እንደዚያ እንደሚወስደው አውቅ ነበር።

ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል ማሃድ ለሪባውንድ ሊዘል መሬቱን ገፋ። እኔ ከተቀመጥኩበት ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ድምፅ ነው፤ ጫኝ ሳለሁ ገመድ ሲበጠስ የምሰማው። ማሃድ ወደቀና ዞር ብሎ «ማነው የረገጠኝ? ማነው?» እያለ ጮኸ። ከኋላው ሰው አልነበረም። ዳኛው አላየም፣ ተቃራኒዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «አልነካነውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልነካውም።

በደረቱ አስተኛሁትና ባቱን ጨመቅኩት። ጤነኛ ጅማት ከሆነ ባት ሲጨመቅ የእግር መዳፍ ይንቀሳቀሳል። የማሃድ አልተንቀሳቀሰም። ደግሜ ጨመቅኩት።

«አዴር፣ ምንድነው?» አለኝ።

«አትነሳ» አልኩት። ቀና ስል ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እየወጣ ነበር።

ሐኪሙ ጅማቱ ጨርሶ መበጠሱን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተናገረ። በሳምንቱ ቡድን መሪው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «የጉዳት ሪፖርት ነው፤ እንዲታከም ይጠቅማል፤ አሻራህን እዚህ» አለ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። መሥሪያ ቤቱ ግን ማሃድን አዲስ አበባ አልላከውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቡድን መሪው «ከላይ ነው» ብሎ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። እግሩ እንደዚያው በጄሶ ታስሮ ከረመ፣ እንደዚያው አንክሶ ቀረ።

ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ እትዬ አልማዝ። «የዘጋህ ጭንቅላት ሳይሆን ኩራት ነው» ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው። መጀመሪያ አንድም ቃል ሳልዘል አንብቤ የጨረስኩት ወረቀት ሜዳው በር ላይ የተለጠፈ የጨዋታ ፕሮግራም ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ «ዕረፍት» የሚለውን ቃል ፈለግኩ። አንድ ቦታ አገኘሁት፤ ለመክፈቻው ንግግር እንግዶች ሻይ የሚጠጡበት ሰዓት ነበር።

ደብተር ገዛሁ። የተጎዳውን ስም፣ የተጎዳበትን ቦታ፣ በተከታታይ ስንተኛ ጨዋታው እንደሆነ፣ ከየት ተጉዞ እንደመጣ፣ ሰው ነክቶት እንደሆነ ወይም እንዳልነካው እጽፍ ጀመር። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን ይነበባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያየሁት ይህን ነው። ጨዋታው ተራርቆ ሲሆን ሰው የሚጎዳው በግጭት ነው፤ ጣት፣ ቅንድብ፣ ቁርጭምጭሚት። ጨዋታው ሲደራረብ ግን ማንም ሳይነካው የሚወድቀው ይበዛል፤ ባት፣ የጭን ጀርባ፣ ጉልበት፣ ተረከዝ። እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ያለ ዕረፍት በሦስተኛው ቀን ነው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ኮሚቴው ገባሁ። ሰብሳቢው ያው የድሮው ነው። ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ወጣቶች ናቸው። እኔ በእነሱ ዕድሜ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ስጫወት እውል ነበር፤ ምንም አልሆንኩም።»

«ደክሞህ ስትቀመጥ የሚከለክልህ ነበር?» አልኩት።

ሳቀና ጸሐፊውን «ሽማግሌው ተማረብን» አለው። የዚያን ዓመት ከፍጻሜው በፊት አንድ ቀን ሰጡን። ማንም አልወደቀም። በተከታዩ ዓመት ደብዳቤው ዘገየና ያቺ ቀን ተመልሳ ጠፋች።

ጡረታ ስወጣ የሥራ ልምድ ለማጻፍ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ፋይሌን ሰጥታኝ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ወረቀት አነበብኩ። መሃል ላይ የማሃድን ሪፖርት አገኘሁት። «ተጫዋቹ ሕመሙን ከአሰልጣኙም ሆነ ከወጌሻው ሸሽጎ በራሱ ኃላፊነት በመጫወቱ ክለቡን አይመለከትም» ይላል። ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ፤ ጥርት ብሎ የታተመ። አንዴ አነበብኩት። ዳግመኛ ሳነበው ድምፄ ይወጣ ነበር።

ማሃድ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለው። ወንበሩ ለቁመቱ ዝቅ ብሎበታል፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ይታያል። ሄድኩና ያነበብኩትን ሳላሳጥር ነገርኩት። ከያዘው ስልክ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ያኔውኑ አሳይተውኛል። የአንተንም ጣት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን እንደሚል አታውቅም ነበር። ማንበብ አትችልም። ምን ብዬ ላሳፍርህ?»

«ማሃድ፣ እግርህ እኮ ነው።»

«እግሬ ያኔም ተበጥሷል፣ አዴር። ደግሞ ብትከለክለኝም እጫወት ነበር።»

«ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ግን አልከለከልኩህም።»

መፍቻውን አስቀምጦ ከጎረቤት ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ በራሴ እጅ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማሃድ ሕመሙን ነግሮኝ ነበር፣ የደበቀው ነገር የለም፣ አጫውቱት ያሰኘሁት እኔ ነኝ ብዬ። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማህተም መታበት። እስከ ዛሬ መልስ የለም። አልጠብቅምም።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው ይህ ነው። ተጫዋችን ሜዳ ላይ አትጠይቁት። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ፣ ሰውነቱ ሳይሞቅ እዩት። ሁለት ቀን በተከታታይ ከተጫወተ በሦስተኛው አሳርፉት። ፕሮግራሙ አያሳርፍም ካሏችሁ አይችልም በሉ፤ አሰልጣኙ ቢቆጣም፣ ተጫዋቹ ቢያለቅስም።